ራሷ ፍሬን ከምትይዝ መኪና ጀርባ ያለው ሙያ፦ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ጋራዥ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ካሜራና ራዳር እሠራለሁ። መኪና ራሷ ፍሬን እንድትይዝ፣ መስመር እንድትጠብቅ ስለሚያደርገው የአሽከርካሪ ረዳት ሲስተም ሙያ የሰፈራችን ልጆች ብዙ ጠይቃችሁኛል። ተራ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ምን ላጥና?

ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል፣ ሶፍትዌር፤ በሦስቱም ይገባል። ቁም ነገሩ ሒሳቡን፣ በተለይ የቁጥጥር (ኮንትሮል ሲስተም) ትምህርቱን አለመዝለል ነው።

ጥያቄ፦ በቀጥታ ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብጀምርስ?

እኔ አልመክርም። መጀመሪያ የመኪናዋ ክፍሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ካን የሚባለውን መስመር እወቅ። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ከዚያ ሲ ፕላስ ፕላስና ፓይተን የሚባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች። መኪናዋ ለምን ፍሬን እንደያዘች ከዳታው አንብቦ የሚያስረዳ ሰው የትም ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ኮድ አልችልም። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ለኔ ቦታ አለ?

አለ እንጂ! እንዲያውም እዚህ አገር ቅርቡ በር ያንተ ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ማስገባት ስለተከለከለ፣ ካሜራና ራዳር ያላቸው መኪኖች በየሰፈሩ እየበዙ ነው። የፊት መስታወት ተቀየረ ማለት ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ካሜራ እንደገና መስተካከል አለበት። ካሜራው አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል፣ 50 ሜትር ላይ ወደ 90 ሴንቲሜትር ይስታል። በእግረኛና በባዶ መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ይኼው ነው። ስለዚህ የጋራዡ ወለል ደልዳላ መሆን አለበት፣ የጎማ አየር ይለካል፣ ካሜራው እያየ የሚስተካከልበት ሰሌዳ ከመኪናዋ መሃል መስመር ጋር ይገጥማል። ፓራውልትም እንደዚሁ። ራዳሩ ፊት ባለው ፓራውልት ላይ ስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት የራዳሩን ሞገድ ያዳክማል። ከውጭ አዲስ ይመስላል፤ ራዳሩ ግን በደንብ አያይም። ይህን የሚያውቅ እጅ በጣም ያስፈልገናል።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። በምን ልለማመድ?

ካርላ የሚባል ነፃ የማስመሰያ ፕሮግራም አለ። ኪቲ የሚባለው፣ ካሜራ የሚማርበት የመንገድ ምስል ዳታም አለ፤ በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ የተቀዳ ነው። ታዲያ እዚያ ላይ የተማረ ካሜራ ቆዬ ፈጬ መንገድ ላይ ምን ይገጥመዋል? ከጎን የሚገባ ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪ፣ መብራት ሳያበራ የቆመ ሲኖትራክ። እህቴ፣ ያንቺን ሰፈር መንገድ በስልክ ቅጂ፣ የሰዎችን ፊት ሸፍኚ፣ ከዚያ በየምስሉ ባጃጁን፣ ጋሪውን፣ ሰውን እየለየሽ ምልክት አድርጊበት። ለቅጥር ስትቀርቢ ከሰርተፍኬት ይልቅ ይኼ ሥራ ይናገርልሻል።

ጥያቄ፦ ውጭ አገርስ?

በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች በራሱ የሚይዝ ፍሬን ግዴታቸው ነው። ብዙው ጀማሪ በፈተና መሐንዲስነት ይገባል፣ ቀጥሎ የአንድ ተግባር፣ ለምሳሌ የፍሬኑ፣ ኃላፊ ይሆናል፣ ሲበስል ሙሉ ሲስተሙን ይነድፋል። አይኤስኦ 26262 የሚባለውን የደኅንነት ደረጃ ከአሁኑ አንብቡ።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ግድ ነው?

ሕግ ሆኖ ሳይሆን፣ መንዳት የማይችል ሰው ፍሬኑ ያለ ቦታው ሲያዝ ቶሎ አይገባውም። አውጡ።