ሸሚዙን በኮሌታው፣ ብዛቱን በዝናቡ

የጠያቂው ደብዳቤ፦ «ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ አንዱ ባንክ ነው፣ ሌላው የቡና ላኪ ድርጅት። ታላቅ እኅቴ ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ልካልኛለች። ጓደኞቼ አምስት ርካሽ ሸሚዝ ገዝተህ እየቀያየርክ ልበስ ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ አዲስ አበባ ወጥተህ አንድ ስም ያለው ሸሚዝ ግዛ ይለኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ጥሩ ሸሚዝ በምን ይታወቃል? ከረባትስ ግድ ነው?»

ወንድሜ፣ በአንድ ሰሞን ሁለት ቦታ መጠራት ቀላል ነገር አይደለም፤ እንኳን ደስ አለህ። ወደ ጥያቄህ ስመጣ ግን ከሁለቱም ወገን መካሪዎችህ ጋር አልስማማም። አምስቱ ርካሽ ሸሚዞች የሙከራ ጊዜህን ሳትጨርስ ኮሌታቸው ተጨማዶ፣ ብብታቸው ሽታ ይዞ ታገኛቸዋለህ። የአጎትህም ሐሳብ አያዋጣም። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለመሄጃ፣ ለመመለሻና ለማደሪያ የምታወጣው ገንዘብ እዚሁ ጅማ ላይ ለሸሚዝ ማሰፊያ ቢውል ይሻላል። እኔ የምመክርህ ሦስት ሸሚዝ ነው፤ ሦስቱም ከዚሁ ከተማ፣ ሦስቱም በልክህ።

ሦስት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በክረምት ማታ የታጠበ የጥጥ ሸሚዝ ለጠዋት አይደርስም። ሁለት ሸሚዝ ብቻ ያለው ሰው እርጥቡን በካውያ ለማድረቅ ይታገላል፤ ካውያው ደግሞ ላዩን ያደርቃል እንጂ ድርብ የሆነውን የኮሌታና የእጅጌ ጫፍ እስከ ውስጡ አያደርቀውም። ረፋድ ላይ ሰውነትህ ሲሞቅ የታመቀ ሽታ ይነሣል። ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲለበስ አንዱ ገመድ ላይ ይዋል፣ ሦስተኛው ተተኩሶ ይጠብቅህ። ሌላውን ደመወዝ ስትቀበል ቀስ እያልክ ትጨምራለህ።

ቀለም ላይ ብዙ አትጨነቅ። አንድ ነጭ፣ ሁለት ፈዛዛ ሰማያዊ ይበቃል። ደማቅ ቀዩና የሚያብረቀርቀው ጥቁር ለሌላ ቀን ይቆዩ።

ዋናው ነገር ኮሌታው ነው። ሱቅ ገብተህ ሸሚዝ ሲዘረጋልህ ዓይንህ ቀድሞ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው፤ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። አንተ ግን ኮሌታውን ያዝ። ጠረጴዛ ተሻግሮ የሚያነጋግርህ ሰው ከፊትህ ቀጥሎ የሚያየው እሱን ነው፤ ከሸሚዝ አካላት ሁሉ ቶሎ የሚያረጀውም እሱ ነው። በኮሌታው ሁለት ጨርቆች መካከል ማጠንከሪያ ገበር አለ። በርካሽ ሸሚዝ ላይ ይህ ገበር በደካማ ሙጫ ስለሚለጠፍ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ይላቀቅና ኮሌታው ላይ ትናንሽ እብጠቶች ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ካውያ አያቃናውም። ገና ሱቅ ውስጥ ሳለህ የኮሌታውን ጫፍ አጥፈህ ልቀቀው። ሳይሸበሸብ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደህና ነው። እንደታጠፈ ከቀረ፣ ወይም እንደ ካርቶን ደርቆ ኮሽ ካለ መልሰህ አስቀምጠው። ሁለቱን ጫፎችም ጎን ለጎን አጋጥማቸው፤ አንዱ ከሌላው ረዝሞ የተሰፋ ሸሚዝ በየሱቁ አለ፣ ከረባት ሲታሰርበት ነው ጉዱ የሚወጣው።

ከዚያ በፊት ግን አንገትህን አስለካ። ኮሌታው ውስጥ 39፣ 40፣ 41 እየተባለ የሚጻፈው ቁጥር በሴንቲ ሜትር የተለካ የአንገት ዙሪያ ነው። 15 ተኩል ወይም 16 የሚል ካየህ በኢንች ነው፤ 15 ተኩሉ ወደ 39፣ 16ቱ ወደ 41 ይጠጋል። የላይኛውን ቁልፍ ቆልፈህ ሁለት ጣት ያለ ትግል ከገባ ልክህ ነው። አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ከሆነ አትግዛው፤ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮሌታ 3 በመቶ ቢሰበሰብ እንኳ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የተመቸህ ሸሚዝ በወሩ ሊያንቅህ ይችላል።

ትከሻውን ደግሞ በመስታወት እየው። የእጅጌው ስፌት የትከሻህ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ወገቡ ቢሰፋ ይጠባል፣ እጅጌው ቢረዝም ያጥራል፤ ትከሻው ከሳተ ግን ሸሚዙን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው፣ ለዚያ የሚከፈለው አያዋጣም። ሁለቱንም እጆችህን ወደ ላይ አንሣ። ሸሚዙ ከሱሪህ ተመዞ ከወጣ አጭር ነው፤ ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲከትቱ መዋል ነው።

ስለ ጨርቁ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ፤ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነውን አትንካው። ላብ አይመጥም፣ ሽታ ይይዛል፣ በካውያም ይቀልጣል። መቶ በመቶ ጥጥ ለሰውነት የሚስማማ ቢሆንም ቶሎ ይጨማደዳል፣ በየጊዜው መተኮስ ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ቤት ተከራይተህ የምትኖር ከሆነ ከግማሽ በላይ ጥጥ ያለው ድብልቅ ያግዝሃል። የሸሚዙ የውስጥ ጎን ላይ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ የድርሻውን መጠን ትነግርሃለች። እሷ ከሌለች ወይም ካላመንካት ልብስ ሰፊዎች የሚያውቁት መፈተኛ አለ፤ ከጨርቁ ጫፍ ክር መዘዝ አድርገህ ለኩሰው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ይህን እንግዲህ ቁርጥ ጨርቅ ስትገዛ አድርገው እንጂ ከተሰቀለ ሸሚዝ ላይ ክር እየመዘዝክ ከነጋዴ ጋር እንዳትጣላ።

ነጩን ሸሚዝ ስትመርጥ እጅህን ከውስጥ አስገብተህ ተመልከት። ጣቶችህ ተለይተው የሚቆጠሩ ከሆነ ጨርቁ ስስ ነው፣ የውስጥ ልብስህን ያሳያል። ደህና ጨርቅ ለብሰህም ቢሆን ከሥር ነጭ ካናቴራ አትልበስ፤ ጠርዙ ጎልቶ ይታያል። ለቆዳህ ቀለም የሚቀርብ ቡናማ ካገኘህ አይታይም።

ስፌቱን ቁጠር። ይህን ስል ፈገግ የሚሉ አሉ፤ ግን ጎበዝ ልብስ ሰፊ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኮሌታው ዳር ላይ አውራ ጣትህን አስጠግተህ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 7 ወይም 8 ስፌት ካገኘህ ሠሪው አልቸኮለም ማለት ነው። 4 ብቻ ከሆነ በጥድፊያ የተሰፋ ነው። ቁልፎቹን ሳብ ሳብ አድርጋቸው፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ዳርም ክር የተንጨባረረበት እንዳይሆን።

ልባሽ ጨርቅ መካከል ግሩም ስፌት ያለው ሸሚዝ በርካሽ ያገኙ ሰዎች አሉ፤ አልክድም። ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ዕቃ መሆኑን ግን ለባንክ ሥራ ለሚወዳደር የሒሳብ ባለሙያ መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እንግዲህ ገንዘብህን እንዲህ ክፈለው። ቃለ መጠይቁ ስለተቃረበ ነጩን ዝግጁ ግዛ። ሁለቱን ሰማያዊ ግን አሰፋቸው። እዚሁ ጅማ መርካቶ ጨርቅ ሱቆች ውስጥ ዙርና ፖፕሊን የሚባለውን የሸሚዝ ጨርቅ ጠይቅ፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ለአንድ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ 2 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ቁመትህ ዘለግ ያለ ከሆነ መጀመሪያ ልብስ ሰፊውን አማክር። ጨርቁን ለልብስ ሰፊው ከመስጠትህ በፊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው፣ አድርቀህም ተኩሰው፤ የሚሰበሰበው እዚያው ይሰብሰብ። ለልብስ ሰፊው አንተን የሚመችህን አንድ አሮጌ ሸሚዝ ለልክ ውሰድለት፤ በቃል ከምታስረዳው በላይ ይገባዋል። ከተረፈው ቁራጭ ሁለተኛ ኮሌታ ቆርጦ እንዲያስቀምጥልህም ለምነው። ሸሚዙ ገና ሳያረጅ ኮሌታው ሲበላ፣ መብላቱም አይቀርም፣ ያንን ቀይሮ ይሰፋልሃል። ለሐሙስ የምትፈልገውን ልብስ ደግሞ ለሰኞ ነው ብለህ ስጠው። የሙያ አማካሪ ውሸት ማስተማር አልነበረበትም፤ ነገር ግን የልብስ ሰፊን ቀጠሮ የማያውቅ የለም።

እጥበቱን በአጭሩ ልንገርህ። ፖሊስተር ያለበትን ነጭ ሸሚዝ በረኪና አታስነካው፣ ቢጫ ያደርገዋል። ኮሌታውን በሳሙና አርሰህ በለስላሳ ብሩሽ እሸው። ባጃጅ የረጨብህን ቀይ ጭቃ እርጥቡን አትጥረገው፣ ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል፤ ይድረቅና አራግፈህ እጠበው። ፀሐይ ላይ ስታሰጣ ገልብጠህ አስጣ። የሳምንቱን ልብስ መብራት ባለ ሰዓት፣ ጨርቁ ትንሽ እርጥበት ሳይለቀው ተኩሰው።

ከረባት ለባንኩ ቃለ መጠይቅ እሰር። ግዴታ ሆኖ ሳይሆን አስረህ ብትገባ የሚከፋው የለም፣ ሳታስር ብትገባ ግን ልብ የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ ብለህ አትግዛ፤ ከአጎትህ ተዋስ፣ ምክራቸውን ባትቀበል ከረባታቸውን ተቀብለሃል። ጫፉ የቀበቶህ ዘለበት ላይ ይረፍ። ከቀጠሮህ አስቀድመህ ደግሞ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ጎራ በልና ሠራተኞቹ ምን እንደለበሱ ተመልከት። አንተ ከእነሱ ጥቂት ከፍ ብለህ ልበስ፤ ከሥራ አስኪያጁ ግን አትብለጥ። ጠያቂዎቹ ስለ ሸሚዝህ አይጠይቁህም፣ ስለ ባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ግን ሊጠይቁህ ይችላሉ። አንገትህን የሚያሳክክህ ኮሌታ ሳይኖር መልስህን በሙሉ ልብ የምታስብበት ልብስ ነው የሚያስፈልግህ።

ቡና ላኪው ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። የሒሳብ ሠራተኛም ብትሆን መጋዘን ወርደህ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ የምትቆጥርበት ቀን ይኖራል፤ አቧራና የጆንያ ብናኝ ነጭ ሸሚዝ ላይ ምን እንደሚሠራ ለጅማ ልጅ አይነገርም። ሰማያዊውን ልበስ፣ ከረባቱን ቤት ተው፣ ጫማህ ድፍን ይሁን። ሽቶ ደግሞ ፈጽሞ አትቀባ። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ውስጥ ቡና የሚቀምሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸው በአፍንጫና በምላስ ስለሆነ ሽቶ የተቀባ ሰው አጠገባቸው እንዲቆም አይፈልጉም። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ግቢውን እናሳይህ ቢሉህ፣ ወደ መቅመሻው ክፍል ሳትሳቀቅ ገብተህ ትወጣለህ።