ኖታውን በስሙ ጥሩት

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ የብሎካችን ልጆች ጊታር ይዘው ደረጃው ላይ ይሰበሰባሉ። እኔም ወንበሬን ይዤ እወጣለሁ።

በቀደም አንዱ የጊታሩ አንገት 5ኛው ፍሬት (በብረት መስመር የተከፈለው ቦታ) ላይ ሆኖ ወረደበት። ጣቱ ይፈጥናል። እውነቱን ለመናገር፣ በሱ ዕድሜ እንደዚያ አልፈጥንም ነበር።

«ምንድነው እሱ?» አልኩት።

«ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ ነው ጋሼ። ከዩቲዩብ ነው የለቀምኩት።» ከላ የሚነሳ ባለ አምስት ኖታ ስኬል፣ ማለትም የኖታ መሰላል ነው፤ ኤ የሚሉት ላን ነው።

«አሁን ትንሿ ጣትህ ያረፈችበት ኖታ ማን ይባላል?»

ዝም አለ።

እኔም እንደሱ ነበርኩ። ምሽት ቤት ከባንድ ጋር ስሠራ ሁሉንም የማውቀው በጣት ቅርጽ ነበር። አንድ ማታ ዘፋኙን ጉንፋን ያዘውና «ዛሬ ግማሽ ድምፅ አውርዱልኝ» አለ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ አንዲት ቁልፍ ነካ፣ መሣሪያው ራሱ አወረደለት፣ በቃ። እኔ ግን ክፍት ክሮቹን (ሳይጫኑ የሚመቱትን) ተማምኜ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ድምፄን ቀንሼ፣ የምጫወት መስዬ አመሸሁ። ሒሳቤን ግን ተቀብያለሁ። እስከዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ ስኬል ከመሸምደዳችሁ በፊት አንድ ክር ያዙ። ወፍራሙን፣ 6ኛውን። ሳትጫኑት ሚ ነው። 1ኛው ፍሬት ፋ፣ 3ኛው ሶል፣ 5ኛው ላ፣ 7ኛው ሲ፣ 8ኛው ዶ፣ 10ኛው ሬ። 12ኛው ላይ ሚ ተመልሶ ይመጣል። ሚና ፋ፣ ሲና ዶ ጎን ለጎን ናቸው። ሌሎቹ መሀል አንድ አንድ ፍሬት አለ። ቲዎሪ እያሉ ከሚያስፈራሯችሁ ነገር ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ስሙን ጮክ ብላችሁ እየጠራችሁ። ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ።

ቀጥሎ 5ኛው ክር፣ ላ። ሁለቱን ካወቃችሁ 4ኛውና 3ኛው ቀላል ናቸው። ሁለት ክር ወደ ቀጭኑ ተሻገሩ፣ ሁለት ፍሬት ወደፊት ሂዱ፤ ያው ኖታ ቀጠን ብሎ ታገኙታላችሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ትንሿ ጣቱ ያለችው ወፍራሙ ክር 8ኛ ፍሬት ላይ ነበር። ዶ ናት። «ቅርጹን ሳትለቅ ከሷ ጀምር፣ እሷው ላይ እረፍ» አልኩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሁለቴ ተመላለሰበትና ቀና አለ። «ጋሼ፣ ይሄማ ትዝታ ነው!»

ነዋ። እነዚያው አምስት ኖታዎች ናቸው፤ ማረፊያቸው ነው የተቀየረው። ሚንና ላን አንድ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ሲመልሳቸው ደግሞ ትዝታ ማይነር መጣ። ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ገና ናቸው። አልቸኮልንም።

ነገ 5ኛውን ክር እጠይቀዋለሁ። ከሳተ ሻይ ይጋብዛል።