ጠይቁ እንመልሳለን፦ የነጥብ ግራፍና ተዛምዶ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ሁለት የቁጥር ዓምዶችን እንዴት ማነጻጸር እንደሚቻል የሚጠይቁ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹም መሠረት ስለሚሆን መልሱ ረዘም ብሏል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ የስድስት ከተሞችን ከፍታና አማካይ ዓመታዊ ሙቀት አጠጋግተው እንዲያመጡና በግራፍ እንዲያሳዩ አዝዤ ነበር። ያመጡት የሚከተለውን ነው፦ ጋምቤላ 500 ሜትር፣ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ 25 ዲግሪ፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር፣ 20 ዲግሪ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ 20 ዲግሪ፤ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ 16 ዲግሪ፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር፣ 13 ዲግሪ። አንዱ ተማሪ ስድስቱን ነጥቦች ከግራ ወደ ቀኝ በመስመር አያያዛቸው። ስሕተት ነው ብዬ ማርክ ቀነስኩበት፤ «ቲቸር፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ሲለኝ ግን የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም። የተዛምዶ መለኪያው፣ ማለትም ሁለቱ ዓምዶች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ የሚናገረው ቁጥር፣ −0.99 ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ግማሹ ክፍል «ከዜሮ በታች ስለሆነ ዝምድና የላቸውም» ብሎ ደመደመ። እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የተማሪውን ማርክ ቢመልሱለት ደስ ይለናል፤ ብዙ ጎልማሶች በየቢሮው የሚሠሩትን ስሕተት ሠርቶ፣ እነሱ የማይጠይቁትን ጠይቋልና።

ነጥቦችን በመስመር የምናያይዘው በሁለቱ ነጥቦች መካከል በእርግጥ የሚያልፍ ነገር ሲኖር ነው። የአንድ ከተማ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት በመስመር ቢያያዝ ያስኬዳል፤ ከሐምሌ ወደ ነሐሴ የሚወስደውን ጊዜ ያች ከተማ ኖራበታለችና። ከጋምቤላ ወደ ድሬዳዋ ግን የሚፈስ ነገር የለም። እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጊዜ የተለካ አንድ ከተማ ነው፦ ወደ ቀኝ ስንሄድ ከፍታው፣ ወደ ላይ ስንወጣ ሙቀቱ። ተማሪው ያያያዘውን መስመር ሐዋሳና ባሕር ዳር ላይ ሲደርስ እንዲመለከተው ያድርጉት። ሁለቱም 20 ዲግሪ ስለሆኑ መስመሩ እዚያ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ደረጃ ይሠራል። ግራፉን የሚያየው ሰው «ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ አየሩ መቀዝቀዝ ያቆማል» ብሎ ሊረዳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ የለም፤ የፈጠረው የልጁ እርሳስ ነው።

አሣሣሉን በተመለከተ ግራፍ ወረቀት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘም ባለካሬ ደብተር ይበቃል። ተጽዕኖ ያሳድራል ብለን የምንጠረጥረውን፣ እዚህ ላይ ከፍታውን፣ በአግድሙ መስመር እናደርጋለን፤ ይለወጣል የምንለውን ሙቀት ደግሞ በቋሚው። በአግድሙ 1 ሴንቲ ሜትር 250 ሜትር ከፍታን፣ በቋሚው 1 ሴንቲ ሜትር 2 ዲግሪን ይወክል፤ ቋሚው ከ10 ዲግሪ ቢጀምር ነውር የለውም፤ እንደ አሞሌ ግራፍ የግድ ከዜሮ መነሣት የለበትም። በዚህ ልክ ጋምቤላ ከመነሻው 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ትሆናለች። የእናንተዋ ደብረ ብርሃን ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ወደ ቀኝ ሄዳ፣ ወደ ላይ አንድ ሴንቲ ተኩል ብቻ ትወጣለች። ነጥቦቹ ካለቁ በኋላ ብርሃን የሚያሳልፍ ማስመሪያ ላያቸው ላይ አድርጎ፣ በመካከላቸው የሚያልፍና ከላይና ከታች የተቀራረበ ርቀት የሚተው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ነው። የእነዚህ ስድስት ከተሞች መስመር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ 6.7 ዲግሪ ይወርዳል። በከባቢ አየር ውስጥ ሙቀት ከከፍታ ጋር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣ አየር የሚጫነው ግፊት ሲቀንስለት ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ልጆች በደብተር ላይ በሠሩት ግራፍ ይህን ያህል መቅረባቸው በክፍሉ ፊት ሊነገር የሚገባው ነው።

አሁን ወደ −0.99 እንምጣ። የስድስቱ ከተሞች አማካይ ከፍታ 1,732 ሜትር፣ አማካይ ሙቀታቸው 20.3 ዲግሪ ገደማ ነው። ተማሪዎቹ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ አንድ የቆመና አንድ የተጋደመ መስመር ያስምሩ፤ ወረቀቱ በአራት ክፍል ይከፈላል። ጋምቤላና ድሬዳዋ ከአማካዩ ዝቅ ያሉና ከአማካዩ የሞቁ ስለሆኑ በግራ ላይኛው ክፍል ይውላሉ። ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን በቀኝ ታችኛው ክፍል ናቸው። ሐዋሳ ብቻ ለጥቂት ወደ ግራ ታችኛው ታመልጣለች። እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን በ1896 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያቀረበው መለኪያ ይህንኑ በቁጥር የሚገልጽ ነው። እያንዳንዱ ከተማ በከፍታ ከአማካዩ የራቀበትን መጠን በሙቀት ከራቀበት ጋር ያባዛል፤ ብዜቶቹን ይደምራል፤ ከዚያም ውጤቱ ከ−1 እስከ +1 ባለው ልክ እንዲወሰን አድርጎ ያካፍለዋል። ጋምቤላ በከፍታ ከአማካዩ በታች፣ በሙቀት ከአማካዩ በላይ ስለሆነች ብዜቷ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ከሐዋሳ በቀር የሌሎቹም እንዲሁ። ስለዚህ የመቀነስ ምልክቱ የሚናገረው ስለ አቅጣጫ ነው፦ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። የዝምድናው ጥንካሬ የሚታየው፣ ምልክቱን ትተን፣ ቁጥሩ ለ1 ባለው ቅርበት በመሆኑ −0.99 ከ+0.6 እጅግ የጠነከረ ተዛምዶ ነው። ዝምድና የሌለው የሚመስለው ለዜሮ የቀረበው ነው፤ እሱም ቢሆን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንደምናየው ሁልጊዜ አይታመንም።

ተማሪዎቹ አሁንም ካልገባቸው አያቶቻቸውን ይጠይቁ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ አገሩን የከፈለ ገበሬ ይህን ግራፍ ወረቀት ሳይዝ ስሎት ኖሯል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ መስመሩ የሚታመነው በ500 እና በ2,840 ሜትር መካከል ነው። ከጎበዞቹ አንዱ ማስመሪያውን ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ዳሎልን ለመገመት መሞከሩ አይቀርም። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ለሚለው ለዚያ ቦታ መስመሩ 33 ዲግሪ ያህል ይሰጣል፤ ከ1960 እስከ 1966 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እዚያ የተለካው አማካይ ዓመታዊ ሙቀት ግን 34.6 ዲግሪ ነበር። ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ነጥብ በሌለበት ቦታ መስመር ሲያስረዝሙ ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚሆን ግራፉ ራሱ አይናገርም።

ጥያቄ፦ የምሠራው በአዳማ በአንድ የሞባይል መሸጫ ድርጅት ነው። የዘጠኝ ዓመት ወርኃዊ ሽያጫችንንና የነጭ ጤፍን የኩንታል ዋጋ በኤክሴል ባነጻጽር ተዛምዶው ለ1 በጣም የቀረበ ሆነ። ሥራ አስኪያጃችን «ጤፍ ሲወደድ ስልክ ይሸጣል» ብለው ዕቅድ ውስጥ ሊያስገቡት ነው። ትክክል ነው?

መልስ፦ ጤፍ የተወደደበት ሰው ስልክ ለመግዛት የሚሮጥበትን ምክንያት ሥራ አስኪያጁ ቢያስረዱን እንማር ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጤፍ ዋጋም ወጥቷል፤ የስልክ ተጠቃሚም በዝቷል፤ ሁለቱንም ወደ ላይ ይዟቸው የወጣው ጊዜ ነው። ከዓመት ዓመት የሚያድጉ ሁለት ነገሮችን በነጥብ ግራፍ ላይ ብታስቀምጥ፣ የቱንም ያህል የማይተዋወቁ ቢሆኑ፣ ነጥቦቹ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ተሰልፈው ታገኛቸዋለህ። ሮበርት ማቲውስ የተባለ ተመራማሪ በ2000 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በ17 የአውሮፓ አገሮች የሚገኙ ሽመላዎችን ብዛት ከሚወለዱ ሕፃናት ብዛት ጋር አነጻጽሮ 0.62 የሆነ ተዛምዶ አግኝቷል። በአውሮፓ ተረት ሕፃናትን የሚያመጣው ሽመላ ነው። ነገሩ ሲገለጥ ግን ሰፋ ያለ አገር ሽመላውም ሰውም ይበዛበታል፤ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም። በአንተ ግራፍ ውስጥ የአገሩን ስፋት ቦታ የያዘው ጊዜ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። በኤክሴሉ ላይ ሁለት አዳዲስ ዓምዶች ክፈት፤ በአንዱ ከእያንዳንዱ ወር የጤፍ ዋጋ ላይ ያለፈውን ወር ዋጋ ቀንሰህ ልዩነቱን ጻፍ፤ በሌላው የስልክ ሽያጩን እንዲሁ አድርግ። ከዚያም ልዩነቶቹን በነጥብ ግራፍ አስቀምጣቸው። ጤፍ በእርግጥ ስልክ የሚያሸጥ ከሆነ፣ ጤፍ ዘለል ባለበት ወር ሽያጩም ዘለል ይላል፤ ነጥቦቹም እንደገና ይሰለፋሉ። እንደ ንብ መንጋ ክብ ሠርተው ከተበተኑ ዕቅዱን ለሥራ አስኪያጁ በትሕትና መልስላቸው።

በዚህ አጋጣሚ በአገራችን መረጃ ላይ ብቻ የሚያጋጥም አንድ ጣጣ ልንገርህ። በወጣትነቴ፣ በተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት፣ የወር ሽያጭን በግራፍ አስቀምጬ ለስብሰባ አቀረብኩ። ሌሎቹ ነጥቦች ተሰብስበው ሳሉ በየዓመቱ አንድ ነጥብ ብቻዋን ወደ ዜሮ ተጠግታ ትወድቅ ነበር። «እዚህ ጋ ምን ችግር ገጥሞን ነው?» ተብሎ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተነጋገርንበት በኋላ ቡና ልታቀርብልን የገባች ሴት ወረቀቱን አየት አድርጋ «ጳጉሜን ይሆናል» አለች። ጳጉሜን ነበር። የአምስት ቀን ሽያጭ ከሠላሳ ቀን ሽያጭ ጎን እንደ እኩያ አስቀምጬው ኖሯል። ያንተም ሽያጭ በእኛ አቆጣጠር ተመዝግቦ የጤፉ ዋጋ በአውሮፓውያን ወር የተያዘ ከሆነ ማጣመሩን ደግመህ ተመልከት። ጃንዋሪ ጥር ይባል እንጂ በአብዛኞቹ ዓመታት ከታኅሣሥ 23 እስከ ጥር 23 የሚሄድ ስለሆነ፣ ስሙን ብቻ አይቶ ያጣመረ ሰው የሳምንት መንሸራተት ያመጣል። ዓመተ ምሕረቱን በቁጥሩ ያጣመረ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል።

ጥያቄ፦ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነኝ። የክረምት ዝናብ መጠንንና የስንዴ ምርትን በየቀበሌው አስልቼ ተዛምዶው ለዜሮ የቀረበ ሆነ። ዝናብ በስንዴ ላይ ለውጥ አያመጣም ብዬ ሪፖርት ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። መለኪያው የሚያየው ቀጥ ያለ መስመርን ብቻ ነው። ዝናብ ያነሰበት ስንዴ ይደርቃል፤ የበዛበት ደግሞ ሥሩ ውኃ ተኝቶበት ቢጫ ይሆናል፤ መካከለኛ ያገኘው ያፈራል። እንዲህ ያለው ዝምድና በግራፍ ላይ የተደፋ ድስት ይመስላል፤ የሚወጣው ጎን የሚወርደውን ጎን ስለሚያጣፋው ስሌቱ ዜሮ ይላል። እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ባለሙያ ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በየአንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት የቁጥር ሰንጠረዦች አዘጋጅቶ ነበር። አማካያቸውም ተዛምዷቸውም፣ 0.82 ገደማ፣ አንድ ነው፤ በግራፍ ሲቀመጡ ግን አንዱ እንደተለመደው የተበተነ፣ አንዱ የጎበጠ፣ አንዱ ከአንዲት ነጥብ በቀር ቀጥ ያለ፣ አራተኛው ደግሞ አንዲት ያፈነገጠች ነጥብ ብቻዋን ተዛምዶ የሰጠችው ሆነው ይታያሉ።

ስለዚህ ስሌቱን ለጊዜው ትተው ነጥቦቹን በእጅዎ ያስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱም ጎን የቀበሌውን ስም ይጻፉ። አንድ ነገር ጨምረው እንዲያደርጉ እንመክራለን፦ አፈሩ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) የሆነባቸውን ቀበሌዎች በጥቁር እስክሪብቶ፣ ቀይ አፈር ያለባቸውን በቀይ ያድርጓቸው። መረሬ ውኃ አቁሮ ስለሚይዝ፣ ጥቁሮቹ ነጥቦች ዝናብ ሲበዛ ወደ ታች፣ ቀዮቹ ወደ ላይ ሲሄዱ ሊያገኟቸው ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ሪፖርቱ ሁለት ግራፍ ሊኖረው ይገባል፤ የጥቁሮቹ ቀበሌዎች ጥያቄም ስለ ውኃ ማንጣፈፊያ ቦይ ይሆናል።