ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ጃርት ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄሽ ይህ ነው፦ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ። የባሕር ጃርት (እሾሃም ትንሽ የባሕር እንስሳ) እንቁላል ከስፐርም ጋር ሲገናኝ ስለሚለቀቀው ካልሲየም ከተማርሽ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። ጓደኞችሽ ግን «ባሕር በሌለበት አገር ይሄ እንጀራ አይሆንም» ይሉሻል።

ይሆናል፣ እህቴ። ነገሩ የባሕር ብቻ አይደለም። ስፐርሙ ሲገባ እንቁላሉ ውስጥ አይፒ3 የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል ይመረታል፤ እሱም የተከማቸውን ካልሲየም ያስለቅቃል። ካልሲየሙ ከአንድ ጥግ ተነስቶ በ30 ሰከንድ ገደማ እንቁላሉን ያዳርሳል። ከዚያ ከእንቁላሉ ላይ ስስ ሽፋን ይነሳል፣ ሌላ ስፐርም አያስገባም። በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ደግሞ በጣም ያምራል! በ1974 ስታይንሃርትና ኤፔል የተባሉ ተመራማሪዎች ያለ ምንም ስፐርም፣ ካልሲየም በሚያስለቅቅ ኬሚካል ብቻ እንቁላሉ እንዲነቃ፣ ማለትም እድገት እንዲጀምር አደረጉ። ዛሬ አንዳንድ የመካንነት ሕክምና ክሊኒኮች ስፐርም በመርፌ ገብቶም የሴቷ እንቁላል አልነቃ ሲል የዚያኑ ዓይነት ኬሚካል ይጠቀማሉ። ስለዚህ የክሊኒክ ኤምብሪዮሎጂስትነትም (እንቁላልን፣ ስፐርምንና ፅንስን በላብራቶሪ የመንከባከብ ሙያ) በዚሁ መንገድ ላይ ያለ ሥራ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ባሕር አትፈልጊ። አምባዛ እንቁላሉና ስፐርሙ በሳህን ላይ ተቀላቅሎ ይራባል። የውኃው ካልሲየም ሲጨምርና ሲቀንስ የሚፈለፈለው እንቁላል ቁጥር ይለወጥ እንደሆነ መቁጠር ትችያለሽ። አማካሪሽን ይዘሽ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቂ።

ከዚያ ጎን ለጎን ፊጂ የተባለውን ነፃ የምስል መተንተኛ ሶፍትዌር ተማሪ። ተመራማሪዎች ከጽሑፋቸው ጋር የሚለቁት፣ ካልሲየሙ እንደ ብርሃን የሚታይበት ቪዲዮ አለ። አንዱን አውርጂ። እንቁላሉ ላይ ሁለት ነጥብ ምረጪ፣ ብርሃኑ በየትኛው ሰከንድ እንደደረሰ ለኪ፣ ርቀቱን በጊዜው አካፍዪ፣ ውጤቱንም በግራፍ አሳዪ። የባሕር ጃርት ከሆነ በሰከንድ 5 ማይክሮሜትር አካባቢ ማግኘት አለብሽ። እኔ ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይልቅ ይህን ግራፍ ባይ እመርጣለሁ።

አሜሪካ፣ ዉድስ ሆል ባለው የባሕር ባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ከ1893 ጀምሮ የሚሰጠው የኤምብሪዮሎጂ ኮርስ በዋናነት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለሆነ ለኋላ ይቆይሽ። አሁን የካልሲየም ላብራቶሪ ላላቸው ፕሮፌሰሮች ጻፊ። «ስኮላርሺፕ አለ ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። ግራፉን አያይዢና ያልገባሽን አንድ ነገር ጠይቂ። የገንዘቡን ጉዳይ መልስ ሲሰጡሽ ታነሺዋለሽ።