ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ፀጉሬ ሸብቷል። በየጥገና ቤቱ የምሰማት አንዲት ቃል ግን ታሳስበኛለች፦ «ፎርማት ይደረግ»። ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ተንቀረፈፈ? ፎርማት። ፕሪንተሩ እምቢ አለ? ፎርማት።

ባለፈው ክረምት የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ አንዲት እህት ኮምፒውተሯን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። ፕሪንተሩ አላትም ብሏታል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በድሮው ዊንዶውስ፣ በኤክስፒ ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስፒን መደገፍ ያቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። የእሷ ስካነር ግን ከኤክስፒ ወዲህ ለመጡት ዊንዶውሶች የሚሆን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ የለውም፤ ስለዚህ ኤክስፒን አልተወችም። ሌላ ቦታ ፎርማት እናድርገው ብለዋታል። የሰው ውል፣ ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ ተቀምጧል።

ከፈትኩት። ያው አንዱ ፕሪንተር ሦስት ቦታ ተመዝግቧል፦ ራሱ፣ ኮፒ 1፣ ኮፒ 2። ገመዱን ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ በሰካችው ቁጥር ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ የመጣ መስሎታል። ዲፎልት፣ ማለትም ሌላ ካልተመረጠ ሥራው ሁሉ የሚላክበት፣ ሆኖ የቀረው የመጀመሪያው ነው፤ ገመዱ ደግሞ እዚያ ቀዳዳ ላይ የለም። የምትልከው ሁሉ ወረፋ ይዞ ይቀራል። ሁለቱን አጥፍቼ የሚሠራውን ዲፎልት አደረግኩት። ወዲያው አንድ ማመልከቻ ታተመ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ዕቃው ሄዶ የቀረ የድሮ ድራይቨርም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ሪስቶር ፖይንት ፍጠሩ፤ ነገር ከተበላሸ ዊንዶውስን ወደነበረበት የምትመልሱበት ነው። ቀጥሎ ፕሮግራሞች ከሚራገፉበት ቦታ ገብታችሁ የተጣለውን ሞደም፣ የተሸጠውን ካሜራ ሶፍትዌር አራግፉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው እየተነሱ የሚያዘገዩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር፣ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት መስኮት። ኤክስፒ ላይ የተደበቁትን አሳይ ስላላችሁት ብቻ የተነቀሉት ዕቃዎች አይታዩም። በኮማንድ ፕሮምፕት፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ የሌሉ ዕቃዎችን እንዲያሳይ የሚያዘውን ቫሪያብል (ዊንዶውስ የሚያነበውን ቅንብር) 1 አድርጋችሁ፣ ዲቫይስ ማናጀርን ከዚያው መስኮት መክፈት አለባችሁ። ያኔ የተነቀሉት ሁሉ ደብዝዘው ይወጣሉ። ስንት ፍላሽ እንደተሰካ ስታዩ ትገረማላችሁ!

እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ደብዝዞ የታየ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ አብዛኛው ዝም ብሎ የተኛ መዝገብ ነው። በተለይ ነን ፕላግ ኤንድ ፕሌይ የሚለውን፣ ተሰክተው በራሳቸው የማይታወቁት የሚዘረዘሩበትን ክፍል አትንኩ። እኔ በወጣትነቴ ከዚያ ውስጥ የማላውቀውን አጥፍቼ የሰው ኮምፒውተር ኔትወርክ አሳጥቻለሁ። ባለቤቱ ሁለት ቀን ሥራ ፈታ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ስለዚህ የምታውቁትን ብቻ፣ አንድ በአንድ አጥፉ። ስሙን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ እዩት።

የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ደግሞ ምትኩ በፍላሽ እጃችሁ ላይ ሳይኖር አይነካም። ከጠፋ በምን ታወርዱታላችሁ?

ለዚያች እህት ፋይሎቿን ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩላት። ኢንተርኔት እንዳታገናኘውም ነገርኳት፤ ኤክስፒ ዛሬ ጠባቂ የለውም። ፕሪንተሩ የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩ። እሷም ፌስታሉን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር።