ፈንዲሻዬ ለምን አይፈነዳም? እና ሌሎች የቅዳሜ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ከሆድና ከፊልም አያልፉም። እኔም ከዚያ የሚያልፍ እውቀት የለኝም። ተስማምተናል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ማታ ከልጆቼ ጋር ፊልም እናያለን። ፈንዲሻ የምሠራው እኔ ነኝ። ግማሹ ሳይፈነዳ ድስቱ ሥር ይቀራል። ባለፈው ትንሿ ልጄ አንዱን ነክሳ ጥርሷን አመማት። ዘይት ጨመርኩ፣ እሳት ቀነስኩ፣ ድስት ቀየርኩ። ምን ይሻለኛል? (ከጎፋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ድስቱ ምን በደለ? ጥፋቱ የበቆሎው ነው። እያንዳንዷ ፍሬ ውስጧ ትንሽ ውኃ አለ። ከክብደቷ 14 ከመቶ ገደማ ሲሆን ጥሩ ነው። ሙቀቱ 180 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውኃው እንፋሎት ይሆንና ቆዳውን ይበጥሰዋል። ጧ! ፍሬዋ ከደረቀች ግን የሚገፋ እንፋሎት የለም። ቆዳዋ ከተሰነጠቀም ቀስ ብሎ ያመልጣል።

የት ነው የምትገዢው? እኛ ሰፈር ያለው ሱቅ ፈንዲሻውን አፉ በተከፈተ ማዳበሪያ በር ላይ ያቆመዋል። ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ያ እንዴት ብሎ ይፈንዳ?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለ3 ኩባያ ፈንዲሻ 1 የሾርባ ማንኪያ ውኃ። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ጨምሪና በደንብ ነቅንቂው። በቀን አንድ ሁለቴ እየነቀነቅሽ ሦስት ቀን አቆዪው። ረቡዕ ከጀመርሽ ለቅዳሜ ይደርሳል። ማንኪያ ነው ያልኩሽ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው «ከጠማው ይጠጣ» ብዬ ግማሽ ብርጭቆ ገለበጥኩበት። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ዕቃውን ከፍታ አሸተተችና «ብቅል ልታበቅል ነው?» አለችኝ።

በቆሎ ሁሉ ደግሞ ፈንዲሻ አይሆንም። የፈንዲሻው ዘሩ ለብቻ ነው። ተራውን በቆሎ ብትጥጂው ቆሎ ነው የሚወጣልሽ። መፈንዳት ሲጀምር ክዳኑን ትንሽ ገርበብ አድርጊው፤ እንፋሎቱ ካልወጣ ይልፈሰፈሳል። ስኳር ወይስ ጨው ብለሽ አልጠየቅሽኝም። እንኳንም አልጠየቅሽ፤ በዚህ ጉዳይ ከእህቴ ጋር ተኮራርፈናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፊልሙን ከእኔ ቀድሞ ያያል። ከዚያ አብረን ስናይ «አሁን እዪው፣ ከጀርባው ይመጣል» ይላል። ዝም በል ስለው ለአምስት ደቂቃ ዝም ይላል። ከዚያ «ሰውየው እንደሚሞት ልንገርሽ?» ይለኛል። ነግሮኝ ጨረሰ እኮ! ምን ላድርገው? (የተናደደች፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይቅርታ አድርጊልኝና እኔም ከባልሽ ወገን ነኝ።

ያደግሁት መርካቶ ነው። ሳንቲም ስናገኝ ሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም እንገባለን። ስናጣ ቪዲዮ ቤት። ቪዲዮ ቤት ማለት የአንድ ሰው ሳሎን ነው፣ ወይም በሸራ የተጋረደ ጓሮ። አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው አያይም፤ ይሰማል። የሚሰማው ደግሞ ፊልሙን ሳይሆን ተርጓሚውን ነው። አንድ ቀድሞ ያየው ልጅ መቼም አይጠፋም።

የእኛው ተርጓሚ ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ግን ያለ ዕረፍት ይተረጉማል። አንድ ቀን እናትየዋ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ምንድን ነው የምትለው?» አልነው። «ልጄ፣ ሽሮው እኮ ቀዘቀዘ፣ ምነው ቀረህ እያለች ነው» አለን። አጠገቤ የተቀመጠ ሊስትሮ ሳጥኑን አቅፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አክተሩ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ ደግሞ ከፊት ዞር ብሎ «አይዟችሁ፣ አክተር አይሞትም» ይለናል። ስንት ጊዜ እንዳሳረፈን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ ፊልም ከሥር ጽሑፍ ተጽፎበት አየሁት። እናትየዋ የምታወራው ስለ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ኖሯል። ምንም አላስለቀሰኝም። ሽሮው ይሻል ነበር።

ወደ ባልሽ ልምጣ። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ፈቶ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። በ2008 ዓ.ም. ቃና መጥቶ የቱርኮቹን ድራማ በአማርኛ ሲያስወራው የሰፈር ተርጓሚ ሁሉ ሥራው ቀረ። የሚተረጉመው ያጣ ሰው መጨረሻውን ቢናገር ይፈረድበታል? እንዲህ አድርጊ። ሁለታችሁም ያላያችሁትን፣ ቋንቋውንም የማታውቁትን ፊልም ምረጪ። ድምፁን አጥፊውና «በል ተርጉም» በይው። አንድ ምሽት ሙሉ ያወራ፣ ይውጣለት። ካልሆነ አፉን በፈንዲሻ ያዢው። አሠራሩ ከላይ አለ።

ጥያቄ፦ ማኪያቶ «ጠቆር ያለ» ብዬ አዝዤ ሁልጊዜ ነጣ ብሎ ይመጣል። ችግሩ ከእኔ ነው? (ከሃያ ሁለት)

መልስ፦ ካንተ አይደለም። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ «ነጠብጣብ ያረፈበት» እንደ ማለት። ቡናው ላይ ወተት ጠብ ይላል እንጂ ወተት ውስጥ ቡና አይጠፋም። ሳትቀምስ መልሰው። ከጠጣህ በኋላ ማጉረምረም ብቻ ነው የሚቀርህ። እኔ እንኳ ጠጥቼ ነው የማጉረመርመው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስደውል አባቴ «ደህና ነሽ? ሥራ ደህና? በይ እናትሽን ላቅርብልሽ» ይላል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በረንዳ ላይ በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ነው የሚውለው። ምን ላውራው?

መልስ፦ ልጄ፣ ምን አስወራሽ? ተጫወቺው እንጂ። የዳማ ሰሌዳ 64 ቤት ቢኖረውም የምንረግጠው ጥቁሩን 32 ብቻ ነው። ካርቶን ላይ አንድ ሥሪ፣ ጥቁሮቹን ከ1 እስከ 32 ቁጥር ስጫቸው። እሱም እንዲሁ ያድርግ፤ ቁጥሩ ከየትኛው ጥግ እንደሚጀምር ቀድማችሁ ተስማሙ። 12 ቆርኪ በፊቱ፣ 12 ቆርኪ በጀርባው። ከዚያ «11 ወደ 15» ማለት ብቻ ነው። በቀን አንድ እርምጃም ይበቃል።

እኔና ወንድሜ እሱ ጅዳ በነበረ ጊዜ እንዲህ ተጫውተናል። ሁዳዴ ሲገባ የጀመርነው አንዱ ጨዋታ ለፋሲካ አላለቀም። ለበዓሉ ቤት ሲጸዳ እናታችን ሰሌዳዬን ከነቆርኪው ጠረገችው። ወንድሜ እስከ ዛሬ «እያሸነፍኩ ነበር» ይላል።

እናንተ ጋ በጋ ሲሆን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብትደውዪ አባትሽ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በረንዳው ላይ ታገኚዋለሽ። በቪዲዮ ከሆነ ካሜራውን ሰሌዳው ላይ እንዲያዞር ንገሪው። ዳማ ላይ አባት አይታመንም።