የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነትን በከፍተኛ ትምህርት መማር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት፣ ስለ ኮሙኒኬሽንና ስለ ትወና ጥበባት የከፍተኛ ትምህርት ጥያቄ ያላችሁ እንድትጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። በአማርኛና በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ መካከል በሕክምና ቤት፣ በችሎት፣ በስብሰባና በመድረክ ላይ ለዓመታት አስተርጉሜአለሁ። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ምልክት ቋንቋ በአጭር ሥልጠና የሚለመድ ከሆነ በዩኒቨርሲቲ ዓመታት መፍጀት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ እኅቴ፣ በአጭር ሥልጠና የምትለምጂው ሰላምታ፣ የጣት ፊደልና የዕለት ተዕለት ጨዋታ ነው፤ እርሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ቋንቋ መቻልና በሁለቱ መካከል ማስተርጎም ግን የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። አንድ ሐኪም «ትናንት ያዘዝኩልሽን መድኃኒት ከምግብ በፊት፣ በባዶ ሆድሽ እንድትወስጂ አልፈልግም» ቢል አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ቃል በቃል እየተከተለ የሚያስተረጉም ሰው ዓረፍተ ነገሩ ከማለቁ በፊት ለታካሚዋ «በባዶ ሆድሽ ውሰጂ» ብሏት ያርፋል። የሠለጠነ አስተርጓሚ የሰማውን በልቡ ይዞ፣ የሚቀጥለውን እየሰማ፣ ሐሳቡ ሲጠናለት ብቻ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ አሉታውንም በእጁ ብቻ ሳይሆን በራሱ ንቅናቄና በፊቱ ጭምር ያሳያል። በዚህ ላይ የአማርኛን መጥበቅና መላላት ጨምሪበት። «ይበላል» ሲላላ የሚበላ ሰው አለ፣ ሲጠብቅ ግን የሚበላ ነገር አለ፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ መኖርን ይገልጻል። በጽሑፍ አንድ የሆኑት እነዚህ ቃላት በምልክት ቋንቋ የሚገለጹት በተለያየ መንገድ ነው፤ ስለዚህ አስተርጓሚው በሰከንድ ውስጥ በጆሮው መለየት አለበት። ይህን ችሎታ የሚሰጠው በመምህር ፊት፣ በተለይም መስማት በተሳነው መምህር ፊት፣ ተሳስቶ መታረም ነው፤ እርሱ ደግሞ ዓመታት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ይህን በዲግሪ ደረጃ መማር የሚቻለው የት ነው? ከዚያ በፊትስ ሰዎች እንዴት ይማሩ ነበር?

መልስ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና የመስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል ትምህርትን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ከፍቷል። የትምህርቱን ስያሜ ልብ በሉት፤ «ባህል» የሚለው ቃል የገባው ለማሳመር አይደለም። አስተርጓሚ የሚያገለግለውን ማኅበረሰብ አነጋገር፣ ቀልድ፣ ቁጣና አክብሮት ካላወቀ ቃላቱን እየተረጎመ ሰዎቹን ሊያሳስት ይችላል።

ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ በአብዛኛው በልምድ ነበር። በአገራችን መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችን ቀድመው ያቋቋሙት በዋናነት የውጭ ሚስዮኖች ናቸው፤ በዚህም ምክንያት በምልክት ቋንቋችን ውስጥ ከአሜሪካና ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ምልክቶች ከአገር በቀሎቹ ጋር ተዋሕደው ይገኛሉ። የጣት ፊደላችን ግን የራሳችን ነው። የፊደል ገበታችንን ተከትሎ ለእያንዳንዱ ግእዝ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደው ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴና አቅጣጫ ይለያል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስማር በልጅነቴ ከየኔታ ፊት ቁጭ ብዬ የቆጠርኩት «ሀ ሁ ሂ» በእጄ ላይ የመጣልኝ ያህል ተሰምቶኛል።

ጥያቄ፦ ምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። አሜሪካና ብሪታኒያ በንግግር አንድ ቋንቋ ሲጋሩ የምልክት ቋንቋዎቻቸው እርስ በርስ አይግባቡም፤ የአሜሪካው የሚዛመደው ከፈረንሳዩ ጋር ነው። ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን በሥነ ልሳን ትንተና ያሳየው ዊልያም ስቶኪ ሲሆን ጥናቱን በ1960 ያሳተመው በአሜሪካ መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በጋላውዴት እያስተማረ ሳለ ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጃችን መስማት ትችላለች፤ የአሜሪካን ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ለመማር ትፈልጋለች። ጋላውዴትን ወይስ ሮቸስተርን ትመርጥ? ሥራስ ታገኛለች ወይ?

መልስ፦ ሁለቱም የታወቁ ናቸው። ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከእናንተ ሠፈር ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ በ1864 በፕሬዚዳንት ሊንከን ፊርማ ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ያገኘና ሕይወቱ በሙሉ በምልክት ቋንቋ የሚካሄድ ተቋም ነው። በ1988 ተማሪዎቹ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ይሾምልን ብለው ግቢውን ዘግተው ጥያቄአቸው የተመለሰላቸው እዚያ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ያለው መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመ ብሔራዊ የቴክኒክ ኮሌጅ ደግሞ በአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ በ1965 በወጣ ሕግ ተመሥርቶ በ1968 ተማሪ የተቀበለ ሲሆን ከአስተርጓሚነት ዲግሪው ጎን ለጎን የቆየ የቴያትር እንቅስቃሴም አለው። ልጃችሁ በቋንቋው ውስጥ እየኖረች መማር ከፈለገች ጋላውዴት፣ በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ ማስተርጎም ካማራት ሮቸስተር ይሻላት ይመስለኛል።

ሥራውን በተመለከተ፣ በአሜሪካ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሆስፒታሎችን፣ ፍርድ ቤቶችንና ሌሎች ተቋማትን አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ ሙያው በጽኑ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ብሔራዊ የሙያ ማረጋገጫውን ለመውሰድ መስማት የሚችሉ አመልካቾች ከ2012 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ብቃት ይጠየቃሉ፤ ብዙ ግዛቶችም በዚያ ላይ የራሳቸውን ፈቃድ ይጨምራሉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ አማርኛዋን እንዳትረሳባችሁ አደራ። ልጁ በአሜሪካን ምልክት ቋንቋ፣ እናትየዋ በአማርኛ፣ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ በሚነጋገሩበት ክፍል ውስጥ ሦስቱንም የሚያውቅ ሰው የሚሰጠውን እፎይታ ማንም አይተካውም።

ጥያቄ፦ የቴያትር ተማሪ ነኝ። አስተርጓሚ በመድረክ ላይ ምን ይሠራል? ዘፈንና ቅኔስ እንዴት ይተረጎማል?

መልስ፦ በደስታ ልመልስ የምጠብቀው ጥያቄ ይህ ነበር። የመድረክ አስተርጓሚ ጽሑፈ ተውኔቱን ቀድሞ ተቀብሎ ያነባል፤ ልምምድ ይገባል፤ የት እንደሚቆም ከአዘጋጁ ጋር ይስማማል። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች አስተርጓሚውንና ተዋናዩን በአንድ እይታ መያዝ እንዲችሉ አስተርጓሚው በቆመበት ወገን አንድ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ልምምድ ላይ በሌሊት ትዕይንት መብራቱ ሲጠፋ እኔም አብሬ ጠፋሁ፤ ተዋናይዋ በጨለማ ውስጥ እየተናገረች ሳለ የእኔ እጅ ለማንም አይታይም ነበር። ከዚያ በኋላ መብራት ከሚቆጣጠረው ባለሙያ ጋር ተነጋግረን በእጆቼና በፊቴ ላይ ብቻ የሚያርፍ ደብዛዛ ብርሃን ሳይጠፋ እንዲቆይ አደረግን። ልብሴም ምንጊዜም ጌጥ የሌለው፣ ከቆዳዬ ቀለም የሚለይ አንድ ወጥ ቀለም ነው።

ቅኔን በተመለከተ፣ ሰምና ወርቅ በድምፅ መመሳሰል ላይ የቆመ ስለሆነ ቃሉን እንዳለ መተርጎም አይቻልም። በአንድ ተውኔት ውስጥ የነበረውን ኅብረ ቃል ሁለቱንም ትርጉም አንድ በአንድ አብራርቼ አስተረጎምኩ፤ መስማት የተሳነው አማካሪያችን «ገብቶኛል፣ ግን አላሳቀኝም» አለኝ። ልክ ነበር። ማብራሪያ ሰጥቼው እንጂ ቅኔውን አልሰጠሁትም። አንድ ሳምንት ያህል አብረን ፈልገን፣ የእጅ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ የሚያርፉበት ቦታ የሚለያይ ሁለት ምልክቶች አገኘን፤ በትርዒቱ ዕለት በሚሰሙትና በማይሰሙት ተመልካቾች መካከል የሣቅ ልዩነት አልነበረም። ለዚህ ነው የምልክት ቋንቋ ተማሪ ትወናን፣ የቴያትር ተማሪም ምልክት ቋንቋን ቢማር የምለው። በዘፈን ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ምቱን በትከሻ፣ በእርምጃና በአተነፋፈስ ማሳየት ይገባል። የእንጨት ወለል ባለው አዳራሽ ውስጥ ከበሮ ሲመታ ንዝረቱን በእግራቸው ተቀብለው ከማንም በላይ እስክስታ የሚወርዱ ወጣቶችን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ መስማት የተሳነው ነው፤ ተዋናይ ወይም ጋዜጠኛ መሆን ይመኛል። በከንቱ ተስፋ እየሰጠሁት ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ተስፋው ከንቱ አይደለም። በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ተዋንያን ብሔራዊ ቴያትር ከ1967 ጀምሮ ትርዒት ሲያቀርብ ኖሯል፤ መስማት የተሳናት ማርሊ ማትሊን በ1987 በምርጥ ተዋናይትነት ኦስካር ተሸልማለች። በእኛ አገር ያለው እንቅፋት የልጅዎ ችሎታ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ የአስተርጓሚ አለመኖር ነው። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለምልክት ቋንቋ ዕውቅና የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከምዝገባው በፊት አስተርጓሚ እንዲመደብለት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ ይያዙ። በተጨማሪም ልጅዎ ራሱ አስተርጓሚ መሆን ይችላል። መደበኛውን ምልክት ቋንቋ ሳይማሩ በቤት ውስጥ ምልክት ብቻ ያደጉ ሰዎች ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፖሊስ ሲመጡ፣ ከእኔ ይልቅ የሚረዳቸው መስማት የተሳነው አስተርጓሚ ነው፤ እኔ የተነገረውን በምልክት ቋንቋ አደርስለታለሁ፣ እርሱ ደግሞ ለሰውየው በሚገባው ምልክት ያስተላልፋል፤ እንዲህ ሁለታችን ተቀናጅተን እንሠራለን።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ ቢያስተረጉም ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ለሻይ ግብዣ ምንም ችግር የለውም። ለሕክምናና ለፍርድ ጉዳይ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በአንድ ሕክምና ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ለእናትዋ ስታስተረጉም አየሁ። ሐኪሙ ከባድ ሕመም መሆኑን ነገራት፤ ልጅቱ ጥቂት ዝም አለችና ለእናትዋ «ደህና ነሽ ብሏል» ብላ በምልክት ነገረቻት። ዋሸች ብዬ አልፈርድባትም፤ የማትሸከመውን ያሸከሟት ትልልቆቹ ናቸው። ባለሙያ አስተርጓሚ የተባለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርሳል፣ የሰማውን ምስጢር ይጠብቃል፣ የራሱንም ምክር አይሰጥም። በችሎትም ቢሆን የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ማስተርጎሚያ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በነገራችን ላይ በረጅም ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚዎች በየሃያ ደቂቃው ገደማ የሚቀያየሩት አእምሮ ሲደክም ስሕተት ስለሚበዛ ነው፤ ስለዚህ «አንድ ይበቃል» የሚል አዘጋጅ ሲያጋጥማችሁ አስረዱት።

ጥያቄ፦ «ደንቆሮ» ማለት ነውር ነው ወይ?

መልስ፦ አዎ፣ ነውር ነው፤ «ዱዳ»ም እንዲሁ። «መስማት የተሳነው» ወይም «መስማት የተሳናት» በሉ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሰዎቹ ጀምሩ። በከተማችሁ ያለውን መስማት የተሳናቸው ማኅበር ወይም የምልክት ቋንቋ አገልግሎት ያለውን ቤተ እምነት አፈላልጋችሁ ሂዱ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እጃቸውን ሳይሆን ፊታቸውን እዩ፤ ምልክት ቋንቋ የሚነበበው ፊት ላይ በተተከለ ዓይን ነው፣ የእጁን እንቅስቃሴ ዓይናችሁ በዙሪያው ይዞት ይመጣል። ስማችሁን በጣት ፊደል መጻፍ ስትችሉ ሄዳችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ፤ እነርሱም በጊዜው የምልክት ስም ያወጡላችኋል።